ወፍ ጠባቂ

ገጠር ላደገ ሰው «ወፍ ጠባቂ» ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን እያጮኸ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲጣራ የሚውል ልጅ ነው። ይህ ልጅ የሚጠብቀው ወፉን አይደለም፤ እህሉን ነው፣ ያውም ከወፉ። ስሙን የሰጠው ግን እህሉ ሳይሆን ጠላቱ ነው። ከብት የሚጠብቀውን ልጅ ጅብ ጠባቂ አንለውም፤ ማሽላ የሚጠብቀውን ግን ወፍ ጠባቂ እንለዋለን።

ከተማ ስትመጡ ደግሞ ያው ግሥ ሌላ ሥራ ይዞ ታገኙታላችሁ። ስለ ተፈጥሮ በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ ግድግዳው ላይ «ወፎችን እንጠብቅ» የሚል ጽሑፍ አይጠፋም። እዚህ መጠበቅ ማለት ወፏ እንዳትነካ፣ ጎጆዋ እንዳይፈርስ፣ ውሃዋ እንዳይደርቅ ዘብ መቆም ነው። ይህን ጽሑፍ ማማው ላይ ላለው ልጅ ወስዳችሁ ብታነቡለት «እኔ ታዲያ ምን እያደረግሁ ነው?» ይላችኋል። ቃል ላይ መንጠልጠል የቀድሞ ሥራዬ ያስለመደኝ አመል ነውና ነገሩን እንደ ቀልድ ልተወው አልቻልኩም። ቋንቋ በአንድ ግሥ ሁለት ተቃራኒ ሰዎችን ሲጠራ፣ ከሥሩ ያልተፈታ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ያልተፈታ ነገር በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ በግላጭ ይታያል።

በወረታ ያላለፈ የሰሜን መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ያያት ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲሄዱ ስልሳ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኝ፣ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በጥር ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚጎርፈው ሕዝብ በመሐሏ ያልፋል። አንዳንዱ ወርዶ ሻይ ይጠጣል፤ አብዛኛው መስኮቱን ዘግቶ ይነጉዳል። ከከተማዋ በስተምዕራብ እስከ ጣና ድረስ የተዘረጋው ሜዳ ግን ቆም ብለው ቢያዩት የሚያስቆጭ አይደለም። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱበት እሱም ሐይቅ ይመስላል። ዝናቡ ቆሞ ውሃው ሲሸሽ ጥቁር መሬቱ እርጥበቱን ይዞ ይቀራል፤ እርጥበቱ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ዝቅ ባለው ቦታ የቀረው ውሃ ደግሞ ረግረግ ይሆናል። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ከእነዚህ ረግረጎች ስማቸው የታወቀው ናቸው።

ወፎቹ የሚመጡት ለዚህ ውሃና ለዚህ እህል ነው። ዳክዬው፣ ይብራው፣ ሽመላው ሁሉ አለ። ዋናዎቹ ባለ ጉዳዮች ግን ክሬኖቹ ናቸው። (ክሬን ስል የአዲስ አበባ አንባቢ ጅምር ፎቅ ላይ የቆመውን ብረት እንደሚያስብ አውቃለሁ። በእንግሊዝኛ ማሽኑ ስሙን የወረሰው ከወፉ ነው፤ አንገታቸው ስለሚመሳሰል። እኛ ወራሹን ከአውራሹ አስቀድመን አወቅን።) ግራጫ ወፍ ነው። ሲቆም የአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ ይደርሳል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ያልፋል። አንገቱ ጥቁርና ነጭ ነው፤ አናቱ ላይ ትንሽ ቀይ ምልክት አለችው። የሚፈለፈለው በፊንላንድ፣ በባልቲክ አገሮችና በሩሲያ ረግረጎች ነው። እዚያ በረዶው ሲመጣ በቱርክና በእስራኤል ሰማይ አድርጎ ይወርድና በጥቅምትና በኅዳር ጣና ዳር ይደርሳል፤ የካቲት አልቆ መጋቢት ሲገባ ይመለሳል። የሚመጣውም በአሥር ሺዎች ሆኖ ነው። ፈረንጆቹ በአዲስ ዓመታቸው መግቢያ የሚያደርጉትን ጉዞ «የክረምት ወፍ ማየት» ይሉታል። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ አዲስ ዓመታችንም መስከረም ነው። ስለዚህ ክሬኑ ክረምቱን የሚያሳልፈው በእኛ በጋ ውስጥ ነው ማለት ነው።

በወረቀት ደረጃ ቦታው ክብር አላጣም። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው የአገሪቱ ዋና ዋና የአዕዋፍ ስፍራዎች መዝገብ ውስጥ የፎገራ ሜዳ አለ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2015 የጣናን ሐይቅና ዙሪያውን የባዮስፌር ሪዘርቭ ብሎ መዝግቧል። ሽምብራ ማሳ ላይ ቆመው ሲያዩት ግን ይህ ሁሉ ክብር በጣም ሩቅ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥር፣ ከጥቂት ወፍ ወዳዶች ጋር እዚያ ነበርኩ። እኔ ወፍ አዋቂ አይደለሁም፤ ተጎትቼ የሄድኩ ነኝ። ጎህ ሳይቀድ በጭቃ ውስጥ ስንዳክር ከማየታችን በፊት ድምፃቸውን ሰማን። ጥሩምባ የሚመስል ድምፅ ነው፣ ግን ውሃ የገባበት ጥሩምባ። ሌሊቱን የሚያድሩት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ነው፤ አውሬ ቢመጣ የውሃው ድምፅ ያነቃቸዋል። ሰማዩ ሲገረጣ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት እየሆኑ ተነሡ። አብሮን የነበረው ባለሙያ በመሐል የሚበርረው፣ ራሱ ቡናማ የሆነው የዓመቱ ጫጩት እንደሆነ ነገረን። ጫጩቱ መንገዱን የሚማረው ከእናትና ከአባቱ ጋር አንድ ጊዜ በመሄድ ነው። ከባልቲክ እስከ ፎገራ ያለው መንገድ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ሥነ ቃል ልበለው እንዴ? (የሙያ አድልዎ ነው፤ ይታለፍልኝ።) በሺዎች ሆነው በላያችን ሲያልፉ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። ያ ደስታ እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ቀጥሎ ለምለው ብዬ ላሳንሰው አልፈልግም።

ፀሐይ ሞቅ ሲል ተከትለናቸው አንድ የሽምብራ ማሳ ዳር ደረስን። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ ወንጭፉን ይዞ ቆሟል። ጠጋ ብዬ ወፎቹ ከየት እንደሚመጡ ጠየቅሁት።

«ከባሕሩ» አለኝ። እዚያ ጣናን ባሕር ነው የሚሉት።

«ከባሕሩ በፊትስ?»

ይህ ሰውዬ ጤና አለው ወይ በሚል ዓይን አየኝ። «ሌሊት ባሕሩ ዳር ያድራሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ይመጣሉ። ረፋድ ላይ ይብሳሉ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ውሃ ሊጠጡ ይሄዳሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ መጡ ማለት ነው። ጋሼ፣ ያን አዩት? ያ አይበላም። ሌሎቹ ሲበሉ እሱ አንገቱን አቅንቶ ያያል። እሱን ካታለልኩት ሁሉንም ደረስኩባቸው።»

ባለሙያችን ማስታወሻውን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ልጁ የሚያውቀውን እኛ አናውቅም ነበርና። እኛ የምናውቀው ዓመቱን ነው፤ ከየትኛው አገር፣ በየትኛው ወር፣ በስንት ሺህ። ልጁ የሚያውቀው ቀኑን ነው፤ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ድንበር በኩል፣ ማን መሪ ሆኖ። ከመንጋው አንዱ ዘብ እንደሚቆም በመጽሐፍ የተጻፈ ነገር ነው፤ ልጁ ግን መጽሐፍ አላነበበም፤ ከዘበኛው ጋር ዓይን ለዓይን ሲተያይ ነው የከረመው። በዚያ ሜዳ ላይ ከሁላችን የበለጠ ወፍ ተመልካች እሱ ነበር። አቅራቢ መነጽሬን ሰጠሁት። ትንሽ ታግሎ አስተካከለና ወደ ወፎቹ ሳይሆን ወደ ሩቁ ማሳ አዞረው። ከዚያ ሳቀ፤ «ያ ተኝቷል!» አለ። የእነሱ ወፎች ወደዚህ የሚመጡት ያኛው ወፍ ጠባቂ ስለሚተኛ እንደሆነ ለካ ሲጠረጥር ኖሯል።

ጥቂት ቆይቶ አባቱ መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ምን እንደምንሠራ ነገርናቸው። ወፎቹን እየቆጠርን መሆኑን ሲሰሙ «ስንት ሆኑ?» አሉ። ነገርናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ያለ ምንም ቁጣ፣ እንዲያውም ፈገግ ብለው «እንግዲህ ቆጥራችሁ ስትጨርሱ የበሉትንም ቁጠሩልኛ» አሉን። ከመሐላችን መልስ የሰጠ የለም።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ወሬ ሳወራ ሁለት ዓይነት ሰው ይገጥመኛል። አንዱ «ሰው እየተራበ ስለ ወፍ ታወራለህ?» ይላል። ይህን ሰው ልብ ብዬ ተመልክቼዋለሁ። ስለ ፎገራ ገበሬ ትናንት አላሰበም፤ ነገም አያስብም። ገበሬውን የሚያነሣው ወፉን የሚመታበት ዱላ ስላጣ ነው። ሌላው ደግሞ «ገበሬው ቢነገረው፣ ግንዛቤ ቢሰጠው እኮ ወፎቹን ይወድ ነበር» ይላል። ይህኛው ይብሳል ባይ ነኝ። ግንዛቤ የጎደለው ማን እንደሆነ ከዘበኛው ወፍ ጋር ሲተያይ የሚውለው ልጅ ይፍረድ። ሁለቱም ተናጋሪዎች የሚመሳሰሉበት ነገር አለ፤ ሽምብራው የእነሱ አይደለም።

የጥንቱን የእንግዳ ደንብ አስቡት። የመሸበት መንገደኛ ደጅ ላይ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይላል። ባለቤቱ የማን ልጅ ነህ ሳይል «ቤት ለእንግዳ» ብሎ ያስገባል፣ እግር ያጥባል፣ ያለውን ያቀርባል። ከአምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በርሮ፣ ልጁን አስከትሎ የመጣን ወፍ በዚህ ዓይን ማየት የሚከብድ አይመስለኝም። ግን «ቤት ለእንግዳ» የሚለው ማነው? ባለቤቱ ነው። ጎረቤት ገብቶ በሰው ቤት እንግዳ ቢያስተናግድ፣ የሰው መሶብ ከፍቶ «ብሉ፣ ጠጡ» ቢል፣ ከዚያም ወጥቶ ስለ እንግዳ ተቀባይነቱ ቢያወራ ምን እንለዋለን? እኛ ወፍ ወዳዶች በፎገራ የምንሠራው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ፍቅሩ የእኛ ነው፤ መሶቡ የእሳቸው ነው።

«ቱሪስቱ ይከፍላል እኮ» የሚል መልስ አለ። ይከፍላል። የባሕር ዳሩ ሆቴል ያገኛል፣ መኪና አከራዩ ያገኛል፣ አስጎብኚው ያገኛል። ወፉ የሚውልበት ማሳ ባለቤት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የት ቦታ ላይ ነው? ፎቶው ውስጥ፣ ከበስተኋላ።

እነዚህ ክሬኖች ወደ እኛ ሲወርዱ የሚያልፉበት ሁላ የሚባል ሸለቆ በሰሜን እስራኤል አለ። ሐይቁንና ረግረጉን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ብለው አደረቁት። አፈሩ እየተበላሸ ሲያስቸግር በ1990ዎቹ ከፊሉን መልሰው ውሃ ለቀቁበት። ክሬኖቹ ወሬው የደረሳቸው ይመስል በብዛት እዚያው መክረም ጀመሩ፤ የኦቾሎኒውን ማሳ ወረሩት፤ ገበሬው ጮኸ። በመጨረሻ ገበሬዎቹ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ወጪ ተጋርተው ለወፎቹ የራሳቸው ሜዳ ለዩላቸው፤ በቆሎ በትራክተር ይበተንላቸዋል። ሌላ ማሳ ላይ ሲያርፉ ይባረራሉ፤ እዚህ ሲመጡ ይመገባሉ። ጎብኚው በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ ከፍሎ ያያቸዋል። ይህን ሳነብ የገረመኝ በቆሎው አልነበረም። የሚያባርረውና የሚመግበው፣ ማለትም ሁለቱ ወፍ ጠባቂዎች፣ በአንድ ሥራ ውስጥ መገናኘታቸው ነው። ነገሩ ግን እንከን የለሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ የወፍ ጉንፋን ገባና በሺዎች የሚቆጠሩ ክሬኖች እዚያው ውሃው ውስጥ አለቁ። ብዙ ወፍ አንድ ቦታ ተጠጋግቶ ሲውል በሽታ መንገዱ ያጥርለታል። ደግሞም ፎገራ ላይ «ለወፍ በቆሎ እንበትን» ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገር ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ። ከሁላ መቅዳት ያለብን በቆሎውን አይደለም፤ የአንድ ሰው የነበረውን ዕዳ የብዙ ሰው ማድረጉን ነው።

ስለ ዕዳ ካነሣን አይቀር፣ ረግረጉን ማን አደረቀው? ሸሸርና ወላላ ከ1980ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ወዲህ እጅግ ጠብበዋል፤ ሸሸርማ አብዛኛውን ስፋቱን አጥቷል። «ገበሬው እያረሰ ጨረሰው» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን፣ በመንግሥት ፈቃድ፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እርዳታ ነው። ለብዙ ዓመታት ሜዳውን የሸፈነው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው፣ ጅግና ከሚባለው ከዚያው ከፎገራ ቦታ ስም ወስዶ ነው። የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተተከለው ወረታ ነው። ሩዙ በጎ ነገር አላመጣም የሚል ካለ ሄዶ ይጠይቅ፤ በፊት ጎርፍ እንደ መርገም የሚታይ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንኳ ጎርፉ ስንቱን አፈናቅሏል። ሩዝ ያንን ውሃ ገንዘብ አደረገው፤ እንጀራውም ውስጥ ገባ፤ ገለባውም ለፎገራ ላም ተረፈ። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ መጣ፤ ከወንዙም ከረግረጉም እየሳበ ሽንኩርት ያጠጣል። ሽንኩርቱ ተጭኖ ወደ ከተማ ይመጣል። ዋጋው ሲወደድ የምናማርረው እኛ ነን። ስለዚህ ክሬኑ የሚያርፍበት ውሃ አንድ ክፍል በየቤታችን ድስት ውስጥ ነው። የፎገራውን ሰውዬ ከመውቀሳችን በፊት ይህን አንድ ጊዜ ማሰብ አይከፋም።

እንዲህ ስል ሁሉ ነገር በካሳ ይፈታል ማለቴ አይደለም። ካሳ ይገባል፤ የሽምብራው ኪሳራ ተሰልቶ ከጎብኚው ገንዘብ ለባለ ማሳው የሚደርስበት መንገድ መኖር አለበት። ግን ወፉ የመኖር መብቱን ያገኘው በደረሰኝ ከሆነ፣ ደረሰኙ የቆመ ዕለት መብቱም ይቆማል። ከደረሰኝ በፊት የነበረ ነገር መኖሩን ያየሁት እዚያው ማሳ ላይ ነው። ሰውዬውን «ለምን አትገድሏቸውም?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ደንገጥ አሉ። «እኛ ወፍ አንበላም። የማይበሉትን መግደል ምን ይባላል? ነፍስ አላቸው እኮ። ማባረር ነው እንጂ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የልጁን ወንጭፍ በትኩረት አየሁት። ድንጋዩ የሚያርፈው ከመንጋው አንድ ሁለት ክንድ ፈንጠር ብሎ ነው። መጀመሪያ የሚስት መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ውርወራ ላይ ሆን ብሎ እንደሆነ ገባኝ፤ ያንኑ ርቀት ሳያዛንፍ ነበር የሚወረውረው። ወፉም ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ ይነሣል፣ አንድ ዙር ይዞራል፣ ሁለት ማሳ አልፎ ያርፋል። ተኝቷል የተባለው ልጅ ማሳ ላይ።

እኔ ያን ርቀት ነው ሥነ ምግባር የምለው። ለእህሉ የሚቆም፣ ለወፉም ነፍስ የሚራራ፣ ማንም ያልጻፈው ውል ነው። ሁለቱም ወገን ይጎዳሉ፤ ግን ማንም ማንንም አይጨርስም። ውሉን ያፈረሰው ወንጭፉ አይደለም። ወንጭፍ ይስታል፤ ሲፈልግም ሆን ብሎ ይስታል። ፓምፕ መሳት አያውቅም። ውሃው ከደረቀ ክሬኑ የሚያድርበት የለውም፤ ልጁም የሚያባርረው አይኖርም። ያኔ ሁለቱም ዓይነት ወፍ ጠባቂዎች በአንድ ቀን ሥራ ይፈታሉ።

ለጊዜው ግን የሚቆጥርም የሚጎበኝም ብዙ የለም። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ፣ አቅራቢ መነጽር ይዞ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ «ወፍ እያየሁ ነው» የሚል ሰው ለየትኛው ወገን ያስረዳል? ጠባቂ የሚለው ቃልም በዚያ አካባቢ ሦስተኛ ትርጉም ጨምሯል፤ ይህኛው ጠባቂ ወንጭፍ አይዝም። መስመር በተገኘ ጊዜ ወረታ ለሚኖር አንድ ወዳጄ እደውላለሁ። ስለ ሰው ደህንነት ጠይቄ ስጨርስ፣ ኅዳር ላይ ከሆነ፣ ስለ ክሬኖቹ ሳልጠይቅ አልዘጋም። ባለፈው ስጠይቀው ሳቅ አለና «ሰው ነው እንጂ የቀረው እነሱማ ቀናቸውን ጠብቀው መጥተዋል። ሽምብራው ላይ ናቸው» አለኝ።